ለ7ኛና 8ኛ ክፍል ልጆች የተግባር ትምህርት፦ በረቂቅ ዕቅዳችን ላይ ውይይት

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው አባል፦
ጤና ይስጥልን። ኮሚቴው የላከውን ረቂቅ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ልፋታችሁም ያስመሰግናል። አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። «ታዋቂ ባለሙያዎች መጥተው የግማሽ ቀን ንግግር ያደርጋሉ» የሚለው። የመርካቶ ልጅ ምክር ጠግቧል። ያጣው አጠገቡ ቁጭ ብሎ መፍቻ የሚያቀብለው ትልቅ ሰው ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል የሙያና ቴክኒክ ትምህርት አስገብቷል። እኛ በሄድንበት ትምህርት ቤት ግን መጽሐፉ እንጂ መሣሪያው የለም።

ባለፈው ቅዳሜ የተቃጠለ የእንጀራ ምጣድ ይዤ ሄጄ ነበር። ከሶኬት መነቀሉን አሳየኋቸውና የታችኛውን ክዳን ፈታን። ከኋላ ድምፅዋን አጥፍታ የቆመች የ8ኛ ክፍል ልጅ ነበረች። ሽቦ ካልተበጠሰ ጢጥ የሚለውን መመርመሪያ፣ ቴስተሩን፣ ለእሷ ሰጠኋት። አንዱን ጫፍ የሽቦው መነሻ ላይ አስያዝኳት፣ ሌላውን መጨረሻው ላይ። ዝም። «ወደ መነሻው እያመጣሽ ሞክሪ» አልኳት። ዝም፣ ዝም፣ ከዚያ ጢጥ! «እዚህ ጋ ነው የተበጠሰው!» ብላ ጮኸች። ቀጥሎ ሒሳብ ሠራን። 3,500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። ቀጭን ዲቫይደር ለምን እንደሚቀልጥ ማንም ሳያስረዳቸው ገባቸው። ልጅቷ ስወጣ በር ድረስ ተከትላኝ «ሳምንትም ይመጣሉ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ስለዚህ እንዲህ ይጻፍልኝ፦ ለአራት ልጅ አንድ ባለሙያ፣ ሙሉ ሴሚስተር፣ ያው አንድ ሰው። ካልቻልን የልጆቹን ቁጥር እንቀንስ።

መምህርቷ፦
ጋሼ፣ እኔም እዚያው ነበርኩ። ያቺ ልጅ በዓመቱ አንድም ቀን እጇን አውጥታ አታውቅም። ረቂቁ «ከ1ኛ እስከ 10ኛ የወጡ ተማሪዎች» ይላል፤ በዚህ መስፈርት እሷ አትገባም። እባካችሁ ይሰረዝ። ፍላጎት ያለው ይመዝገብ፣ ከበዛ ዕጣ እናውጣ፤ ግማሹ ግን ሴቶች ይሁኑ።

ቀኑም ይታሰብበት። ቅዳሜ ለመርካቶ ትልቅ ገበያ ነው። ብዙዎቹ እናታቸውን ያግዛሉ፤ አንድ ቅዳሜ መጡ ማለት ሁልጊዜ ይመጣሉ ማለት አይደለም። ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ቢሆን እዚያው አገኛቸዋለሁ። ዳቦና ሻይ በጀቱ ውስጥ ይግባ፤ በባዶ ሆድ መፍቻ አይያዝም። ሰኔ ላይ ደግሞ የ8ኛ ክፍል ፈተና ስላለ በግንቦት አጋማሽ እንጨርስ።

የሕግ ባለሙያው አባል፦
ምናለሽ ተራ ካሉ ቀጥቃጮች ጋር በክረምት እናሰማራቸው የሚለው አንቀጽ ያሳስበኛል። በአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ዕድሜው 15 ያልሞላ ልጅ አይቀጠርም። የእኛዎቹ ደግሞ 13 እና 14 ናቸው። አሮጌ በርሜል እንዴት ምድጃ እንደሚሆን ከእኛ ሰው ጋር ሄደው ይዩ፣ ይጠይቁ፣ መዶሻውንም ይሞክሩት። ለሽያጭ የሚሆን ሥራ ግን አይሥሩ። የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይያዝ። ልጅና ባለሙያ ብቻቸውን በተዘጋ ክፍል እንዳይሆኑም በግልጽ ይጻፍ።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው አባል፦
መምህርት፣ የረቡዑ ነገር ትክክል ነው፤ እኔ ስለ ገበያው አላሰብኩም ነበር። የሕግ ባለሙያችን ያነሱት ሁሉ ቃል በቃል ይግባ። እኔ የምጨምረው፦ ልጆች ኤሌክትሪክ ያለበት ነገር አይነኩም፤ መሰካትና መንቀል የባለሙያው ሥራ ነው።

ስድስት ቴስተር ያስፈልገናል። ሁለቱን እኔ አመጣለሁ። ቤታችሁ የተቃጠለ ምጣድ፣ ካውያ ወይም ሬዲዮ ያላችሁ ለቆራሌው እንዳትሰጡብኝ። እኔም ለልጅቷ መልስ መስጠት አለብኝና፣ የመጀመሪያውን ረቡዕ ሰብሳቢያችን ዛሬ ይቁረጡልን።