የቢግ ቦይ ቲማቲሜ ፍሬ ከታች በኩል ለምን ይጠቁራል?

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ ጓሮዬ የተከልኩት ቢግ ቦይ የተባለው ድቅል ቲማቲም፣ ፍሬው ጡጫ ሲያክል ከታች በኩል እየጠቆረ ስለሚበሰብስብኝ እጅግ አዝኛለሁ። መድኃኒት ልርጭበት? ከፍሬው ዘር ባስቀርስ ለከርሞ ይሆነኛል?

መልስ 1፦ ወገኔ፣ ይህ ተባይም ተላላፊ በሽታም ስላልሆነ መድኃኒት አይርጩ። ካልሲየም ወደ ፍሬው የሚጓዘው ከውሃ ጋር በመሆኑ፣ አፈሩ አንዴ ደርቆ አንዴ ሲጥለቀለቅ የፍሬው ጫፍ ሳይደርሰው ይቀርና ይሞታል። ሥሩን በገለባ ሸፍነው፣ አፈሩ ሳይደርቅ በጥልቀት ያጠጡ።

መልስ 2፦ የእኔንም ያዳነው ገለባው ነው። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ግን ቅጠሉን እያፋፋ ችግሩን ያባብሳል።

መልስ 3፦ ቢግ ቦይ፣ በ1949 እ.ኤ.አ. ለገበያ ከቀረበ ጀምሮ፣ ሁለት ወላጆችን በማዳቀል የሚዘጋጅ ስለሆነ፣ ያስቀሩት ዘር ቢበቅልም እንደ እናቱ አይወጣም፤ በየዓመቱ አዲስ ዘር ይግዙ።