«ሆዴን ባር ባር አለኝ» ተተርጉሞ ሐኪም ጋ ሲደርስ፦ ስለ አስተርጓሚነት ፒኤችዲ

ከኮምቦልቻ የመጣ ጥያቄ

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች። እዚህ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በአስተርጓሚነት ስሠራ አራት ዓመት ሆነኝ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ማስተርሴን ይዣለሁ። አሁን እንግሊዝ አገር ሄጄ በዚሁ በአስተርጓሚነት ፒኤችዲ ልማር አስቤያለሁ። ባለትዳር ነኝ፣ አንድ ልጅ አለን። እያስተረጎምኩ ራሴን እየቻልኩ እማራለሁ ብዬ ነው። መንገዱን የምታውቁ እስኪ ንገሩኝ።

የሰኞ ገበያ ልጅ መልስ

ወንድሜ፣ ይህን መንገድ ሄጄበታለሁ። ክፉውን ላስቀድምልህ።

«እያስተረጎምኩ» ያልከው ነገር አይሆንም። በተማሪ ቪዛ ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ተቀጥሮ መሥራት ይቻላል። በግል መሥራት ግን ክልክል ነው። እዚህ እንግሊዝ አገር ደግሞ አብዛኛው አስተርጓሚ ተቀጣሪ አይደለም፤ በተጠራ ቁጥር የሚከፈለው የግል ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ሁለት ቋንቋ ይዘህ ሱፐርማርኬት ውስጥ የቲማቲም ጣሳ ትደረድራለህ። እኔም ደርድሬያለሁ። ስትመረቅ ግን ለፒኤችዲ የሦስት ዓመት የምሩቃን ቪዛ አለ፤ ያኔ በግልህ መሥራት ትችላለህ።

ደጉ ደግሞ ይኸውልህ። እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ወዲህ ክፍል ገብተው ማስተርስ የሚማሩ ተማሪዎች ቤተሰብ ማምጣት አይችሉም። የምርምር ዲግሪ ተማሪ ግን ይችላል። ታዲያ በነፃ አይደለም። የጤና ክፍያው ብቻ ለእያንዳንዱ ሰው በዓመት 776 ፓውንድ ነው፤ የሚከፈለውም ቪዛ ስታመለክት በአንዴ ነው። ለሦስታችሁ፣ ለሦስት ዓመት ብታሰላው ወደ 7 ሺህ ፓውንድ ይጠጋል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ፒኤችዲ ማስተርጎም አያስተምርም። የመስታወት ክፍል ውስጥ ማዳመጫ አድርገህ የምትለማመደው ማስተርስ ላይ ነው። ፍርድ ቤትና ሆስፒታል ለመሥራት ደግሞ ዲፒኤስአይ የሚባል ሙያዊ ፈተና አለ። ፒኤችዲ ማለት ሦስት አራት ዓመት አንድ ጥያቄ ይዘህ ተቀምጠህ፣ 80 ሺህ ቃል ገደማ መጻፍ ነው። ጥያቄ ከሌለህ አትምጣ።

አንተ ግን ያለህ ይመስለኛል። አንድ ሠራተኛ «እኔ ትናንት ማታ ከመውጣቴ በፊት ማሽኑን…» ብሎ ሲጀምር አስበው። አጥፍቼዋለሁ ሊል ነው ወይስ አላጠፋሁትም? የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ነው፣ አፍራሹም እዚያው ግሱ ላይ ተጣብቋል። እንግሊዝኛ ግሱን ቶሎ ይፈልጋል። የውጭ ዜጋው አለቃ ጆሮ ሥር ሆነህ እያንሾካሾክህ ስታስተረጉም ትጠብቃለህ ወይስ ትገምታለህ? እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ የናዚ መሪዎች በተዳኙበት የኑረምበርግ ችሎት የነበሩት አስተርጓሚዎችም በጀርመንኛ ግስ እንዲሁ ተቸግረዋል። ዳንኤል ጂል የተባለው ተመራማሪ ማስተርጎምን ማዳመጥ፣ ማስታወስ፣ መናገርና ሦስቱን ማቀናጀት ብሎ ይከፍለዋል። የሰው አቅም ውስን ስለሆነ አንዱ ላይ ሲበዛ ሌላው ይሸራረፋል ነው ሐሳቡ። ግሱን ስትጠብቅ ማስታወሱ ይከብድሃል ማለት ነው። ኮምቦልቻ ላይ ይህን ብታጠና አዲስ ነገር ይወጣዋል።

የእኔ ጥያቄ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። አንዲት የአገራችን ሴት ሆስፒታል አጅቤ ሄድኩ። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» አለች። በስልክ ያለው አስተርጓሚ ሆዷን ያማታል አለ። ሐኪሙ ሆዷን ሲጫን፣ ስለምትበላው ሲጠይቅ ቆየ። እሷ ግን ያወራችው ስለ ጭንቀቷ ነበር! ያን ቀን ባይሆን ኖሮ እስካሁን ርዕስ ስፈልግ እገኝ ነበር።

ቀጥሎ ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ሰው ፈልግ። ኤዲንብራ ያለው ሄሪዮት ዋት በሕዝብ አገልግሎትና በምልክት ቋንቋ ማስተርጎም ላይ ጠንካራ ነው። ሰሪ ዩኒቨርሲቲ በቪዲዮና በርቀት ማስተርጎም ላይ ብዙ ሠርቷል። ሊድስም እየው። የመምህራኑን ጽሑፍ አንብብና ሐሳብህን በአንድ ገጽ ጻፍላቸው። «ስኮላርሺፕ ይስጡኝ» ብለህ እንዳትጀምር።

አይጠየፍ አካባቢ ያደግኩ ነኝ

ስኮላርሺፕ ከተነሳ ላይቀር፣ ቼቭኒንግ የሚባለው የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ለፒኤችዲ አይከፍልም፤ ለአንድ ዓመት ማስተርስ ብቻ ነው። እኔ ይህን ሳላጣራ አንድ ዓመት አቃጥያለሁ። በነገራችን ላይ ድሮ ሽማግሌዎች አስተርጓሚን «ትርጁማን» ነበር የሚሉት። ቃሉ ደስ ይለኛል።

ከኮምቦልቻ

የሰኞ ገበያዋ እህቴ፣ ኑሪልኝ። ቲማቲሙ ትንሽ አስደንግጦኛል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ሥራ ላይ የማስተረጉመውን ከአሁኑ በስልኬ ብቀዳስ?

የሰኞ ገበያ ልጅ

እንዳትቀዳ! መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ፈቃድ ይሰጥሃል፤ ከዚያ ፋብሪካው፣ ከዚያ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው ይፈቅዳሉ። በድብቅ የተቀዳ ድምፅ ቴሲስ ውስጥ አይገባም፣ ሥራህንም ሊያሳጣህ ይችላል። ለጊዜው ደብተር ግዛ። ማታ ቤትህ ስትገባ ማንንም ስም ሳትጠራ የተደናቀፍክባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ጻፍ። ሃያ ሲሞላልህ ላክልኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጊዜ አለኝ።