የታዘዘላችሁ ጫማ የትኛው ይሻላል? ከእኔና ከእህቴ እግር የተገኘ ጥቆማ

በሐኪም ስለሚታዘዝ ጫማ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፣ እስካሁን የሞከርነውን ልንገራችሁ። እኔ ስኳር አለብኝ፤ ውስጥ እግሬ ደንዝዟል። ሐኪሟ በ10 ግራም ጫና የምትጎብጠዋን ቀጭን የናይለን ክር ስታሳርፍብኝ፣ በሦስት ቦታ ምንም አልተሰማኝም። ታናሽ እህቴ ደግሞ ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባል፣ መገጣጠሚያን የሚያሳብጥና የሚያሳምም በሽታ አለባት። የሷ እግር የካልሲ ስፌት እንኳ ያመዋል። ለሁለታችንም ጫማ ታዞልናል፤ የሚስማማን ግን ለየቅል ነው።

መጀመሪያ የገዛሁት ተሠርቶ የሚሸጠውን ጥልቅ ጫማ ነው። ከተራው ጫማ የሚለየው ለጣቶች ከላይ በኩል ቦታ ስላለውና ወፍራም የውስጥ ሶል ስለሚይዝ ነው። ያው ቀን ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ቀለል ይላል፣ ለሚያየውም ሰው የታማሚ ጫማ አይመስልም። የእግራችሁ ቅርጽ ብዙም ካልተለወጠ ከዚህ ጀምሩ እላለሁ። ጣቶቻችሁ ከተቆለመሙ ወይም የአውራ ጣታችሁ አጥንት ወደ ጎን ከወጣ ግን ይፈገፍጋችኋል፤ ያኔ በልክ ማሠራት ነው።

የውስጥ ሶል ብቻ አሠርቶ በድሮው ጫማ ውስጥ መክተት ርካሽ መፍትሔ ይመስላል። አልመክረውም። ሶሉ እግርን ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ጫማው ይጠብባል፣ ጣቶቹም ከላይ ይላጣሉ።

በልክ የሚሠራው ላይ ረዘም ላድርገው፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ከጫማው ይልቅ ሠሪው ይበልጣል። የመጀመሪያው ሠሪ ጠዋት፣ ወንበር ላይ አስቀምጦ ለካኝ። ጫማውን ሳደርገው ምንም አላለኝም። ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ ከትንሿ ጣቴ ጎን ደም አየሁ። ሕመም የሚባል አልነበረም፤ ቀኑን ሙሉ ስረግጠው ውያለሁ። መልሼ ስወስድለት «ይለመዳል» አለኝ። እባካችሁ፣ እግራችሁ የደነዘዘ ከሆነ «ይለመዳል» የሚላችሁን ሰው አትስሙት። የደነዘዘ እግር ይቆስላል እንጂ አይለምድም።

ሁለተኛዋ ሠሪ ከሰዓት በኋላ ነው የቀጠረችኝ፤ እግር ሲመሽ ያብጣል። አቁማ ለካችኝ። ከረጅሙ ጣቴ ፊት ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ተወች፣ ስፋቱን በአውራ ጣቷ እየዳበሰች አየችው። ከዚያ «ቤት ውስጥ ምን ያደርጋሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ሸበጥ እንደማደርግ ነገርኳት። ከሁለት ሳምንት በኋላም አስጠርታ እግሬን አየችው። ሠሪ ስትመርጡ እንዲህ የሚጠይቅና መልሶ የሚጠራችሁን ፈልጉ። ከቆዳው ጥራት በፊት እሱ ይቀድማል።

የቤቱን ጥያቄ እንደ ቀላል አትዩት። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ የሆላንድ ጥናት፣ የስኳር ሕመም ያለባቸውንና እግራቸው ለቁስል የተጋለጠ 107 ሰዎችን ተከታትሏል። ጫማው ውስጥ በተቀመጠ የሙቀት መለኪያ በስንቱ እርምጃቸው የታዘዘላቸውን ጫማ እንዳደረጉ አዩ። ከቤት ውጭ 87 በመቶ፣ ቤት ውስጥ 61 በመቶ ሆነ። የሚገርመው ደግሞ ብዙውን እርምጃ የሚራመዱት ቤት ውስጥ ነበር! እኔም እንደነሱ ነበርኩ። አሁን ለቤት የሚሆን፣ ያው የውስጥ ሶል ያለው፣ ቀላል ሁለተኛ ጥንድ አሠርቻለሁ። አቅማችሁ ለሁለት ከፈቀደ፣ አንዱን ለቤት አድርጉት።

እህቴ የፈለገችው ሌላ ነው። የእጅ ጣቶቿ መገጣጠሚያ ስለሚያብጥ የጫማ ክር ማሰር አትችልም። የሷ በቬልክሮ የሚዘጋ፣ አፉ እስከ ጣቶቹ ድረስ የሚከፈት ነው። ማታ እግሯ ሲያብጥ ላላ ታደርገዋለች። ክብደትም ትጠላለች፤ ከባድ ጫማ ጉልበቷን ይጎትታል። የመጀመሪያው ጥንዷ ለእግሯ ተስማምቷት ነበር፣ ግን መልኩን ስለጠላችው ሠርግ ቤት ሌላ አድርጋ ሄዳ ሁለት ቀን ተኛች። ለሁለተኛው ቀለሙንና የቆዳውን ዓይነት ራሷ መረጠች። ከእግሯ አይወልቅም። ስለዚህ «መልኩ ይደብረኛል» ማለት አትፈሩ። ሠሪው ከመቁረጡ በፊት ይስማው።

ከፊት ወደ ላይ የጎበጠ ጠንካራ ሶል ከታዘዘላችሁ፣ ከጣቶች ሥር ያለውን ጫና ይቀንሳል። መጀመሪያ ላይ ግን ሚዛን ያስታል። ደረጃ ላይ ተጠንቀቁ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህንን ሞክሩ። ወረቀት ላይ ቆማችሁ እግራችሁን በእርሳስ አዙሩት፣ ቆርጣችሁ ጫማው ውስጥ አስገቡት። ጠርዙ ከታጠፈ ጫማው ጠባብ ነው፣ ተውት።

ከገዛችሁ በኋላ ደግሞ ከማድረጋችሁ በፊት ሁልጊዜ እጃችሁን እስከ ጫፉ ድረስ አስገቡ። ትናንት ከእኔ ጫማ ውስጥ የልጄን የሸሚዝ ቁልፍ አወጣሁ።