ግላውዴዎስ ያለ ፖርቱጋሎቹ ያሸንፍ ነበር ወይ?

ጎንደሬው፦ ሰሞኑን አንድ ልጅ «400 ፖርቱጋሎች ባይደርሱልን ኖሮ ኢትዮጵያ የምትባል አገር አትኖርም ነበር» ሲል ሰማሁና ከነከነኝ። ኢማም አህመድ (ግራኝ) ከአፄዎቹ ጋር ስላደረገው ጦርነት ነው የሚያወራው። ሰዎቹ ምጽዋ የደረሱት በ1541 ነው (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ እርዳታ የጠየቀው አፄ ልብነ ድንግል ከዛ በፊት ሞቶ ልጁ ግላውዴዎስ ነግሷል። እሺ ነፍጥ ይዘው መጡ፣ ግን ነሐሴ 1542 ወፍላ ላይ ንጉሡ ሳይደርስላቸው ሲዋጉ ተሸነፉ እኮ፣ አለቃቸው ደ ጋማም ተማርኮ አንገቱን ተቀላ። ድሉ የመጣው ግላውዴዎስ ከተቀላቀላቸው በኋላ የካቲት 1543 ወይና ደጋ ላይ ነው።

ዳሞ፦ ወንድሜ ወፍላን ስታነሳ ኢማሙ ከየመን ዘቢድ ያስመጣቸውን 900 የሚሆኑ ባለነፍጥ ቱርኮችና 10 መድፍ ለምን ዘለልካቸው? ከዛ በፊት እኮ ኢማሙን ሁለቴ አሸንፈውታል፣ እሱም በጥይት ቆስሏል። ደግሞ ግላውዴዎስ ሰሜን ተራራ ሲደርስ የያዘው ሰው ስንት ነበር? እፍኝ የማይሞላ! ጦሩ የተሰበሰበው እነሱ እንዳሉ ከታየ በኋላ ነው።

የሐረር ልጅ፦ አንድ ነገር ላስተካክል፣ ኢማም አህመድም የዚሁ ምድር ልጅ ነው፣ «ባዕድ» የምትሉት ጦር በሁለቱም ወገን ነበር። ለኔ ጦርነቱን የወሰነው ኢማሙ ከወፍላ በኋላ ቱርኮቹን አሰናብቶ 200 ያህል ብቻ ማስቀረቱ ነው። እና በውጭ ወታደር መጠቀም በነሱ ዘመን አልተጀመረም፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ አፄ ይስሐቅ ከግብፅ የሸሸ አልጡንቡጋ የሚባል ማምሉክ (የግብፅ ገዥዎች ወታደር) ተቀብሎ ጦሩን አሠልጥኖበታል።

እህተ ማርያም፦ ሁላችሁም የጦር ሜዳውን ብቻ ነው የምታወሩት፣ ሂሳቡስ? የተረፉት ፖርቱጋሎች መሬት ተሰጣቸው፣ አግብተው ወልደው ቀሩ፣ እሱ ምንም አይደለም። ግን በ1557 ኢየሱሳውያኑ (የካቶሊክ ሚሲዮናውያን) መጡ፣ ግላውዴዎስ ራሱ እኮ ሃይማኖቱን ለመከላከል ብዕር አንስቷል፣ ከዛ በኋላ የነገሠው አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነ፣ እስከ 1632 ድረስ ወንድም ከወንድም ተራረደ። ይሄን ሳስብ ሆዴ ይባባል።

ዳሞ፦ እህቴ ያ እኮ 80 ዓመት ቆይቶ የመጣ የሱስንዮስ ውሳኔ ነው፣ በ1541 የመጣ ነፍጠኛ እንዴት ይጠየቅበታል? ከ400ው ከግማሽ በላይ እዚሁ አፈር በልቷቸዋል።

ጎንደሬው፦ እሱን አልክድም፣ ነፍስ ይማር። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ደባርዋ ላይ ተቀብሎ ያሳረፋቸውን የባሕር ጠረፉን ገዥ ባሕር ነጋሽ ይስሐቅን፣ ከደብረ ዳሞ ወርዳ አብራቸው የዘመተችውን እቴጌ ሰብለ ወንጌልን ማን ያነሳቸዋል? ፖርቱጋሎቹ የጻፉት ራሱ ወይና ደጋ ላይ 8,000 እግረኛና 500 ፈረሰኛ ከንጉሡ ጋር ነበር ይላል፣ የዛ ሁሉ ገበሬ ስም የት ገባ?

የሐረር ልጅ፦ በኢማሙ በኩል የወደቀውስ ገበሬ? እሱንም ጨምርበት።

ጎንደሬው፦ ልክ ነህ፣ እሱንም።