የዱክላ 11 ዋንጫዎች የማን ናቸው? በፕርዢብራም ክለብ ታሪክ ላይ የተደረገ ክርክር

አወያይ፦

ለውይይት የቀረበው ጥያቄ ከፕራግ በስተደቡብ ምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘውን የቼክ የማዕድን ከተማ የፕርዢብራምን እግር ኳስ ክለብ ይመለከታል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የቼኮዝሎቫኪያ ጦር ሠራዊት በ1948 ያቋቋመውና ከ1956 ጀምሮ ዱክላ ፕራግ ተብሎ የተጠራው ክለብ 11 የሊግ ሻምፒዮናዎችን አሸንፏል። ኮሚኒስታዊው ሥርዓት ከወደቀና አገሪቱ ለሁለት ከተከፈለች በኋላ ግን የሠራዊቱ ድጋፍ ራቀው፤ በ1994 የመጨረሻውን ደረጃ ይዞ ከቼክ አንደኛ ሊግ ወረደ፤ ለሁለተኛው ሊግ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ስላላገኘም በቀጥታ ወደ ሦስተኛው ተጣለ። በ1996 አንድ ባለሀብት ይህን ክለብ በሁለተኛው ሊግ ይጫወት ከነበረው ከፕርዢብራም ክለብ ጋር አዋሐደው። የተዋሐደው ቡድን በ1997 ወደ አንደኛ ሊግ አደገ፣ መቀመጫውንም ወደ ፕርዢብራም አዛወረ። በ2000 ዱክላ የሚለው ስም ተትቶ የአንድ ቡና አምራች ድርጅት ስም ተተካበት። ዛሬ በፕራግ ዱክላ ተብሎ የሚጫወተው ቡድን ደግሞ በዴይቪትሴ ሰፈር በዝቅተኛ ሊግ ይጫወት ከነበረ ቡድን የተነሣ ነው። እነዚያ 11 ሻምፒዮናዎች በማን ስም ይመዝገቡ?

የሕግ ባለሙያው፦

የእኔ መልስ የፕርዢብራም ናቸው የሚል ነው፤ ምክንያቴም ስሜትን የማይጠይቅ ነው። ክለብ ሕጋዊ ሰውነት ያለው ተቋም ነው፤ ሁለት ተቋማት ሲዋሐዱ መብታቸውም ግዴታቸውም ወደ አዲሱ ተቋም ይተላለፋል። በ1996 የሆነው ይህ ነው። የአሮጌው ዱክላ የተጫዋቾች ውል፣ በፌዴሬሽኑ ዘንድ የነበረው አባልነትና ያልተቋረጠው ሕልውናው በፕርዢብራሙ ክለብ ውስጥ ቀጥለዋል። ስም መለወጡ ምንም አያፈርስም፤ ዱክላ ራሱ የመጀመሪያውን ሻምፒዮና በ1953 ያሸነፈው በሌላ ስም ሲጠራ ነበር፣ ይህ ሆኖ ሳለ ያንን ዋንጫ ከ11ዱ የሚያወጣው ሰው የለም።

የዛሬው የፕራግ ዱክላ ግን ከአሮጌው ክለብ በውልም በውርስም የተቀበለው ነገር የለም። በ2007 ሁለተኛው ሊግ ውስጥ የገባው ያኩብቾቪትሴ ከተባለች ትንሽ የሞራቪያ መንደር ክለብ ጋር ተዋሕዶ ቦታዋን በመውሰድ ነው። ሕጋዊውን መንገድ ከተከተልን የዛሬው ዱክላ ቅድመ አያት አንድ የሰፈር ቡድንና አንድ የመንደር ክለብ ናቸው። ይህንን ያልኩት እነሱን ለማሳነስ አይደለም፤ ግን በ1967 ለአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ በሴልቲክ የተሸነፈው ክለብ እነሱ ናቸው ለማለት ከስሙ በቀር ማስረጃ የለም።

የቀድሞው ተጫዋች፦

ወንድማችን የደረሰበትን ውጤት እቀበላለሁ፤ ወደዚያ የደረስሁት ግን በሌላ መንገድ ነው። ዱክላ መቀመጫው ፕራግ ይሁን እንጂ የፕራግ ሕዝብ ክለብ አልነበረም። የዋና ከተማው ልብ ከስፓርታ፣ ከስላቪያና ከቦሄሚያንስ ጋር ነበር፤ የዱክላ ሜዳ የዩሊስካ መቀመጫዎች ክለቡ ሻምፒዮን በሆነባቸው ዓመታት እንኳ በተመልካች አይጨናነቁም ነበር። ክለቡ ጥንካሬውን ያገኘው ከውትድርና ግዴታ ነው፤ ከየክፍለ ሀገሩ ለብሔራዊ አገልግሎት የሚጠራ ወጣት ችሎታ ካለው ወደ ዱክላ ይላካል፣ አገልግሎቱን ሲጨርስም ብዙ ጊዜ በዚያው ይቀራል።

የክለቡን ታላቅ ሰው እንመልከት። ዮሴፍ ማሶፑስት የተወለደው በሰሜን ቦሄሚያ የድንጋይ ከሰል አገር በሞስት አቅራቢያ ነው። ቴፕሊትሴ ውስጥ ሲጫወት ቆይቶ በ1952 በውትድርና ወደ ፕራግ መጣ፣ ከዱክላ ጋር 8 ሻምፒዮናዎችን አነሣ፣ በ1962 በቺሊው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በብራዚል ላይ የመጀመሪያውን ግብ አስቆጠረ፤ ጨዋታው 3 ለ 1 በብራዚል አሸናፊነት ቢጠናቀቅም በዚያው ዓመት የአውሮፓ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የወርቅ ኳስ ተሸለመ። ቴፕሊትሴ ይህን ሰው ያጣችው በገንዘብ ተሸንፋ ሳይሆን በትእዛዝ ነው። እንግዲህ የዱክላ ዋንጫዎች የተሠሩት በክፍለ ሀገር ልጆች እግር ከሆነ፣ በመጨረሻ ወደ አንድ የክፍለ ሀገር ከተማ መሄዳቸው ለእኔ እንደ ካሣ ነው።

የታሪክ መምህርቷ፦

ጋሼ ያነሡት ነገር ልቤን ነክቶታል፤ ያ በደል እውነት ነውና በቀላሉ ልናልፈው አይገባም። ነገር ግን ካሣ ለተበደለው ነው የሚከፈለው፤ ቴፕሊትሴ የተወሰደባትን ለፕርዢብራም መስጠት የማንንም ቁስል አይሽርም። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፤ ሁላችንም ስለ 11ዱ ዋንጫዎች ስንከራከር የፕርዢብራምን የራሷን ታሪክ ማንም አላነሣም።

የክለቡ ሥር የተተከለው በ1928 ነው፤ ያኔ ስሙ በማዕድን ሰፈሩ በብርዤዞቬ ሆሪ ይጠራ ነበር። ይህ ሰፈር ተራ ቦታ አይደለም። የብር ማዕድን ከተቆፈረባቸው የአውሮፓ ጥልቅ ጉድጓዶች አንዱ እዚያ ነበር፤ የቮይቴክ ጉድጓድ በ1875 ወደ ታች 1000 ሜትር ሲደርስ የዓለም ክብረ ወሰን ተብሎ ተመዝግቧል። በ1892 በማሪያ ጉድጓድ ውስጥ በተነሣ እሳት 319 ሠራተኞች አልቀዋል። ብሩ እየነጠፈ ሲሄድ ዩራኒየም ተተካ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የኮሚኒስቱ መንግሥት ለሶቪየት ኅብረት የሚላከውን ዩራኒየም ለማውጣት ነፃ ሠራተኞችን ብቻ ሳይሆን እስረኞችንም ጉድጓድ አስገብቷል። ከከተማዋ አጠገብ የነበረው የቮይና ካምፕ የፖለቲካ እስረኞች እስከ 1961 ድረስ ይህን ሥራ የሠሩበት ነው። ዱክላ የወርቅ ዘመኑን የጀመረባቸው ዓመታትና እነዚያ ሰዎች ጨረር የሚተፋውን ድንጋይ በእጃቸው የለቀሙባቸው ዓመታት አንድ ናቸው። ለሁለቱም ጌታው ያው መንግሥት ነበር።

ስለዚህ የፕርዢብራም ልጅ «ክለባችን በ1953 ሻምፒዮን ነበር» ብሎ እንዲናገር ማድረግ ለእኔ ክብር መስጠት አይደለም። በ1953 የዚያ ልጅ አያት ጉድጓድ ውስጥ ነበር፣ የአያቱም ቡድን የማዕድን ሠራተኞች ቡድን ነበር። የዩራኒየሙ ሥራ በ1991 ካበቃ በኋላ ሥራዋን ያጣች ከተማ የራሷን ክለብ ይዛ ሁለተኛ ሊግ መድረሷ በራሱ የሚጻፍ ታሪክ ነው፤ በትልቅ ስም ሥር የተቀበረው እሱ ነው።

የሕግ ባለሙያው፦

እህታችን የከተማዋን ታሪክ ማንሣቷ ተገቢ ነው፤ ሆኖም የጥያቄውን ማዕዘን ቀይሮታል። የ1928ቱ ታሪክ መጻፉ የ1996ቱን ውሕደት አይሰርዘውም፤ የተዋሐደ ክለብ ሁለት ወላጆች አሉት፣ ሁለቱንም መውረስ ይችላል። ደግሞም ሕጋዊውን መስመር ከተውን መለኪያችን ምን ሊሆን ነው? ዓርማውንና ስሙን የያዘ ሁሉ ታሪኩን ይውሰድ ካልን ቦሄሚያንስ ላይ የደረሰው ይደገማል። ክለቡ በ2005 በዕዳ ሊፈርስ ሲል በስሙ ለመጠቀም መብት አግኝቻለሁ ያለ ሌላ የፕራግ ክለብ «ቦሄሚያንስ» ተብሎ ይጫወት ጀመር፤ ሁለቱ ቦሄሚያንሶች በአንድ ሊግ እስከ መገናኘት ደርሰዋል።

የታሪክ መምህርቷ፦

የቦሄሚያንስ ጉዳይ የሚያስረዳው የእኔን ሐሳብ ነው፤ ስሙን ብቻ ያገኘውን ክለብ ቼኮች የቦሄሚያንስ ወራሽ አድርገው አልተቀበሉትም። የተቀበሉት ደጋፊዎቹ ከኪሳቸው ገንዘብ አዋጥተው ያዳኑትን፣ የክለቡ ዝነኛ የቀድሞ ተጫዋች ፓኔንካም ሳይለየው የቆየውን ክለብ ነው። መለኪያው የሰዎች ቀጣይነት ነው፤ ማን ከክለቡ ጋር ቆየ፣ ማን ለክለቡ ከፈለ የሚለው ነው። በዚህ መለኪያ የፕራግ ዱክላ በዩሊስካ ተጫውቷል፣ የማሶፑስትን መታሰቢያ ይዟል፣ የአሮጌው ክለብ ተጫዋቾችም ቤታችን ብለው የሚመጡት እዚያ ነው። ፕርዢብራም ደግሞ በ2000 ዱክላ የሚለውን ስም በገዛ ፈቃዱ ጣለ። ወራሽ ነኝ የሚል ሰው የአባቱን ስም በቡና ድርጅት ስም አይለውጥም።

የቀድሞው ተጫዋች፦

ልጄ፣ የመጨረሻው ነጥብ ከባድ ስለሆነ ከካሣው ሐሳብ ወደ ኋላ ልል ነው። አንድ ነገር ግን ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። በ1996 ውሕደት ዱክላ ሦስተኛ ሊግ ውስጥ ነበር፣ ፕርዢብራም ሁለተኛ ሊግ ውስጥ። በ1997 ወደ አንደኛ ሊግ ለማደግ ያስቻለው የሊግ ቦታ እንግዲህ የማዕድን ከተማዋ ነበር፤ ፕራግ ያዋጣችው ስሙን ነው። በ2007ም እንዲሁ ነው፤ ስሙን ወደ ሁለተኛ ሊግ የወሰደው የያኩብቾቪትሴ ቦታ ነበር። የዱክላ ስም ሁለት ጊዜ ወድቆ ሁለት ጊዜ በተነሣ ቁጥር ያቃናው የክፍለ ሀገር ክለብ ነው፤ ሁለቱም ጊዜ ሰዎች የሚያስታውሱት ስሙን ብቻ ነው። ፕርዢብራም ቢያንስ ሜዳዋንና ቡድኗን አትርፋለች። ያኩብቾቪትሴ ግን ሁለተኛ ሊግ የደረሰችበትን ቦታ ያጣችው በሜዳ ተሸንፋ አይደለም፣ መንደሪቱም ብትሆን ደጋፊ ነበራት።

ከዚህ ጋር ብልሻኒን አነጻጽሩ። ነዋሪዋ ከ1000 ብዙም የማይርቅ የጌሾ ገበሬዎች መንደር ናት፤ በ1998 በራሷ ስም አንደኛ ሊግ ገብታ እስከ 2006 ቆይታለች። ዝነኛው ግብ ጠባቂ ፒተር ቼክ በአንደኛ ሊግ መጫወት የጀመረው በእሷ ማልያ ነው። ኋላ ብትወድቅም ታሪኳ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የሕግ ባለሙያው፦

ጋሼ ያነሡት የ1997ቱ ዕድገት ጉዳይ የእኔን አቋምም ያስተካክለዋል። ሕጉ ሁለት ወላጆች አሉ የሚል ከሆነ የሁለቱም ድርሻ ተለይቶ መጻፍ አለበት፤ እስካሁን የተሠራው ግን የአንዱን ወላጅ ዋንጫ ጽፎ የሌላውን ልፋት መተው ነው። ያም ሆኖ ፕርዢብራም በአሮጌው ዱክላ ላይ ያላት ሕጋዊ ተተኪነት እንዲካድ አልፈልግም።

የታሪክ መምህርቷ፦

ተተኪነቱ ይጻፍ፤ አልቃወምም። የምጠይቀው የአጻጻፉን ቅደም ተከተል ነው። የፕርዢብራም ክለብ ታሪክ በ1928 በብርዤዞቬ ሆሪ ይጀምር፤ ከ1997 እስከ 2007፣ ከ2008 እስከ 2017፣ ከ2018 እስከ 2021 በአንደኛ ሊግ ያሳለፋቸው 22 የውድድር ዘመኖች በስሙ በሙሉ ይቆጠሩ፤ የ1996ቱ ውሕደት በመሃል በአንድ አንቀጽ ይገለጽ፣ 11ዱ ሻምፒዮናዎችም እዚያው የአሮጌው ዱክላ ተብለው ይጠቀሱ። የዛሬው የፕራግ ዱክላ እነዚያን ዋንጫዎች በአደራ ይያዛቸው፣ ነገር ግን በ2007 መስመር ላይ ያኩብቾቪትሴ የሚለውን ስም ሳያጠፋ ይጻፍ። ከ2011 ጀምሮ ሁለቱ ክለቦች በአንደኛ ሊግ ደጋግመው ተጋጥመዋል፤ በ2019 ዱክላ ሲወርድ ፕርዢብራም ተርፏል። እነዚያን ጨዋታዎች ሁለቱ የየራሳቸውን ስም ይዘው ተጫውተዋቸዋል፣ መዝገቡም እንዲሁ ለይቶ ይያዛቸው።