ከሥር ፍርድ ቤት ክርክር ወደ ይግባኝ ሥራ ለመዞር ምን ያስፈልጋል? (ጎንደር)

ማራኪ ሰፈር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ላይ በፍትሐ ብሔር ክርክር የቆየ ጠበቃ ከእንግዲህ ይግባኝና ሰበር (በመጨረሻ ፍርድ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ብቻ የሚያየው ችሎት) ላይ ላተኩር ቢል መጀመሪያ ምን መለወጥ አለበት? የሚመጣው ጉዳይ በብዛት የገጠር መሬት ይዞታና ውርስ ነው። በተለይ አቤቱታው «አያስቀርብም» (ሌላውን ወገን ለመጥራት አይበቃም) ተብሎ እንዳይዘጋ ምን ላይ ልጠንቀቅ? በዘርፉ የቆያችሁ ምከሩኝ።

ቀሃ ማዶ፦
ወንድሜ፣ ከቀኑ ጀምር። የፍትሐ ብሔር ይግባኝ ፍርዱ ከተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት (የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 323)። ባለጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚቆጥረው የፍርዱን ግልባጭ ከወሰደበት ቀን ነው፤ አንተ ግን ፍርዱ ከተነበበበት ቀን ቁጠር። ግልባጩን በዚያው ቀን በጽሑፍ ጠይቅ፣ የጠየቅክበትና የወሰድክበት ቀን መዝገብ ላይ እንዲሰፍር አድርግ። ግልባጩ ከዘገየ፣ ቀኑ ካለፈ በኋላ ይግባኝ ለማለት የምታቀርበውን የማስፈቀጃ አቤቱታ የሚደግፈው ይህ ነው። የጠበቃ ወይም የወኪል ጉድለት በቂ ምክንያት አይደለም፤ የአንተ መዘግየት የደንበኛህን መብት ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። ወንጀል ሲሆን አቆጣጠሩ ሌላ ነው፦ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለትህን ታስታውቃለህ፣ ግልባጩ ከደረሰህ በኋላ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ማመልከቻውን ታስገባለህ።

ከዚያ ውክልናውን እይ። «ይግባኝ እስከ ሰበር» የሚል ቃል ከሌለበት ባለጉዳዩ ገና ከተማው ውስጥ እያለ አሠራው፤ ደምቢያ ወይም አርማጭሆ ከተመለሰ በኋላ ለአንድ ወረቀት ብሎ እንደገና ሲንከራተት ቀኑ ያልቃል። የጥብቅና ውሉንም በየደረጃው ለይ፤ የይግባኝ ዋጋ ሰበርን ይጨምር አይጨምር በግልጽ ይጻፍ።

ይግባኝ ማቅረብ ብቻውን አፈጻጸምን አያቆምም። መሬቱ ለሌላ ሊተላለፍ ወይም ቤቱ ሊፈርስ ከሆነ የእግድ ማመልከቻውን ከይግባኙ ጋር አብረህ አስገባ። ፍርዱ ከተፈጸመ በኋላ መርታት ሌላ ክርክር ነው።

የሕግ ባለሙያ 7፦
ጊዜው ላይ ከላይ በደንብ ተብሏል። እኔ ማመልከቻው ላይ ልጨምር፤ ብዙዎቻችን የምንወድቀው እዚያ ነው።

የይግባኝ ዳኛ ምስክር አያይም፣ ወረቀት ነው የሚያነበው። ስለዚህ «የሥር ፍርድ ቤት ማስረጃውን በአግባቡ አልመረመረም» የሚል ቅሬታ ምንም አይነግረውም። ይልቅ እንዲህ ጻፍ፦ «2ኛው ምስክር በመዝገቡ ገጽ 14 ወሰኑ ወንዙ መሆኑን ተናግሯል፤ ፍርዱ ገጽ 3 ላይ ግን ምስክሩ ወሰኑን አላውቅም ብሏል ይላል።» ዳኛው ሁለቱን ገጽ ገልጦ ስህተቱን በዓይኑ ያያል። ይህን ለማድረግ ደግሞ መዝገቡን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ማንበብ አለብህ፤ አንድ ጊዜ ያለ እስክርቢቶ፣ አንድ ጊዜ የገጽ ቁጥር እየያዝክ። የእጅ ጽሑፍ ቃለ ምስክርነት ካለ ቸኩለህ አትለፈው፣ ጉዳዩ ያለው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

ቅሬታዎቹን አታብዛ። አሥራ ሁለት ነጥብ ከምትደረድር ሦስት ጠንካራ ነጥብ ይሻላል፤ ደካማው ጠንካራውን ይሸፍነዋል። ቁጥር 337 ፍርድ ቤቱ መልስ ሰጪን ሳይጠራ ይግባኙን እንዲዘጋ ስለሚፈቅድለት፣ የመጀመሪያው ገጽህ ብቻውን «ያስቀርባል» ማሰኘት አለበት። መጨረሻ ላይ የምትጠይቀውንም ለይ፦ ፍርዱ ይሻር፣ ይሻሻል ወይስ መዝገቡ ይመለስ? ደፍኖ «ተገቢው ይወሰንልን» ማለት ዳኛውን አይረዳውም።

ሥር ያልተነሣ አዲስ ነገር ይግባኝ ላይ አይነሣም (329)። የመጀመሪያ መቃወሚያህ (ወደ ፍሬ ነገሩ ሳይገባ የምታነሣው ተቃውሞ) ውድቅ ሲሆን ለብቻው ይግባኝ አይባልበትም፤ ከመጨረሻው ፍርድ ጋር ግን ታነሣዋለህ (320/3)። ስለዚህ ሥር ላይ የሚቆመው ባልደረባህ ተቃውሞውን በቃል ብቻ እንዳያስቀረው ንገረው፤ ቃለ ጉባኤ ላይ ያልሰፈረ ተቃውሞ ለአንተ የለም።

ማራኪ ሰፈር፦
እጅግ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ የወረዳ ፍርድ ቤት የወሰነውን ከፍተኛው ፍርድ ቤት ካጸናው ሁለተኛ ይግባኝ አለ?

ቀሃ ማዶ፦
ከጸና የለም። ሁለተኛ ይግባኝ የሚኖረው ይግባኝ ሰሚው የሥሩን ሲሽረው ወይም ሲለውጠው ነው (321)። ከጸና የሚቀርህ ሰበር ነው፤ እዚያ ደግሞ የማስረጃ ምዘና ክርክር አይሠራም፣ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ማሳየት አለብህ። የክልሉን አጠናቅቀህ ወደ ፌዴራል ሰበር የምትሄድ ከሆነ ጊዜው 90 ቀን ነው፤ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ 1234/2013ን አንብብ። ደንበኛ ከመቀበልህ በፊት የጥብቅና ፈቃድህ እዚያ ለመቆም የሚያስችልህ መሆኑንም አረጋግጥ። አምስትና ከዚያ በላይ ዳኞች የተሰየሙበት የፌዴራል ሰበር የሕግ ትርጉም የክልል ፍርድ ቤቶችንም ስለሚያስገድድ፣ የታተሙትን የሰበር ውሳኔ ቅጾች በርዕስ እየለየህ ያዝ፤ መሬትና ውርስ የያዙትን አስቀድም። ከመጥቀስህ በፊት ግን የመዝገቡን ፍሬ ነገር አንብብ። ከርዕሱ ብቻ የተጠቀሰ ውሳኔ ብዙ ጊዜ ለተቃራኒው ወገን ይሠራል።