የበግ አርቢዎች ማኅበር የአውራ በግ ልውውጥ ረቂቅ፦ አስተያየት እስከ ዓርብ

ጸሐፊ፦ አውራችን በመንጋችን ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ሴት ልጆቹ መውለድ ጀምረዋል። በሞላሌ በኩል ካለው ማኅበር ጋር እንለዋወጥ። ከእንግዲህም አንድ አውራ በአንድ መንጋ ከ2 ዓመት በላይ አይቆይ። በ2001 ዓ.ም. በማኅበር የበግ ዝርያ የማሻሻሉ ሥራ በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር በጎች ሲጀመር አውራው የጋራ የሆነው እኮ በዙር እንዲቀየር ነው።

ሒሳብ ያዥ፦ ደግፌያለሁ። ትናንት የተወለደችው ግልገል ቆማ መጥባት አቅቷት ሌሊቱን ወተት በጣቴ ሳስልሳት አደርኩ። የእናቷን የጆሮ ቁጥር ከመዝገቡ አየሁ። የግልገሏ አባትም አያትም አንድ በግ ነው። እንዲህ ሲሆን የዘር መቀራረቡ 25 በመቶ ይደርሳል።

የላይ ሰፈር፦ የሞላሌው ግን ጥቁር ነው። ለፋሲካ ጥቁር በግ ማን ይገዛል?

ሒሳብ ያዥ፦ ቀለም ነው የያዘህ? በርኖስ ከምን ይሠራ ነበር?

የላይ ሰፈር፦ በርኖስ የሚለብስ ስንት ሰው ቀረ እትዬ? እኔ የልጄን ደብተር የምገዛው በበጉ ነው። ባለፈው ገበያ ጥቁሩን ይዤ ውዬ ይዤው ገባሁ። ነጋዴው ላቱን ጨበጥ አድርጎ «ጥሩ ነበር» አለና ወደ ቀዩ ሄደ።

ጸሐፊ፦ እናቶቹ ነጭና ቀይ ናቸው። የሚወለደው ሁሉ ጥቁር አይሆንም።

የላይ ሰፈር፦ ከሆነስ? ኪሳራውን አንተ ትከፍላለህ?

ወንዝ ማዶ፦ ስለ ኪሳራ አንተ ታወራለህ? አምና የማኅበሩን አውራ አማትህ መንጋ ውስጥ አንድ ወር ያዋለው ማን ነው?

የላይ ሰፈር፦ አማቴን አታንሳ! መዋጮዬን መልሱልኝ፣ እወጣለሁ።

ሊቀመንበር፦ ኧረ ተው! በጉን ሄዶ የሚያይ ሰው ስጡኝ።

ወንዝ ማዶ፦ ቅዳሜ እኔ እሄዳለሁ። ለተናገርኩትም ይቅርታ።

የታች ሰፈር፦ ጥቁርም ይምጣ ነጭ፣ ፈጥኖ ያደገውን ጠቦት ለበዓል እየሸጥን የቀጨጨው በወል ግጦሹ ላይ ከሰረረ ምን ዋጋ አለው? መጀመሪያ ለአውራነት ያልተመረጠው ይኮላሽ።

ሊቀመንበር፦ ዛሬ ሰኞ ነው። ሞላሌ እሄዳለሁ ያለው ሰው ስልኩ አይነሳም።

የላይ ሰፈር፦ እስከዚያ በተዘዋዋሪ ፈንዱ መኖ ገዝተን የተኮላሹትን እናደልብ። ሙክት ለፋሲካ ያወጣል።

የታች ሰፈር፦ በዚህስ እስማማለሁ።

ሊቀመንበር፦ ጸሐፊ፣ ረቂቁ ላይ ጨምርበት።

ጸሐፊ፦ ጨምሬያለሁ። ልውውጡን የት ላድርገው? ገጹን የሞላው መኖ ነው።

ሒሳብ ያዥ፦ ፈንዱ የአውራ መግዣ ነው። ለመኖ አልፈርምም። ግልገሏ ዛሬ ጠዋት ቆማ ጠባች። ሌሎች አምስት የአውራችን ሴት ልጆች ደግሞ ከእሱው አርግዘዋል።